ትርፍ ሮንዴላ

ወረታ ከተመለስሁ ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ያገኘኝ ሁሉ «አዊ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። አፌ ቶሎ አይፈታልኝም። ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ወደዚያ የሚወስዳቸው ጉዳይ የላቸውም፤ ስለዚህ ያየሁትን ቀን በቀን አድርጌ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን የዘንገና ሐይቅ አላየሁትም። ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው አሉኝ፤ ሳላየው ተመለስሁ። እኔ አጎንብሼ ሳየው የሰነበትሁት ጉድጓድ ሌላ ነው፤ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም።

የሄድሁት እኅቴ ዘንድ ነው። ስሟ ብዙዓየሁ ነው፤ እኔ እታለም እላታለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ እሷ የአሥራ ስድስት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዛሬ አዘና በምትባል ትንሽ ከተማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሯ ትዞራለች። አምና ክረምት ጭቃ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ከተጎዳች ወዲህ ግን ዳገቱ እምቢ ብሏታል። መስከረም ላይ ስደውልላት፣ «ጥቅምት ውስጥ የከብት ክትባት ይጀመራል። እሱን በእግሬ ካልቻልሁ ቢሮ አስቀምጡኝ እላለሁ እንግዲህ» አለችኝ። እታለም የበሬ ሻኛ መታ መታ አድርጋ ጤናውን የምትናገር ሴት ናት። እሷን ቢሮ ተቀምጣ ወረቀት ስትሞላ ማሰብ አልሆነልኝም።

ለእሷ ብዬ አንድ ሞተር ብስክሌት ከውዳቂ ስገጣጥም ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መንዳቱን ሥልጠና ላይ ተምራለች፤ የጎደላት ሞተሩ ነው። እኔ ጋራዥ ገብቼ አልሠለጠንሁም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ፣ ሰው የጣለውን ሞተር እየፈታሁ እየገጠምሁ ነው የተማርሁት። ትምህርት ስተው እታለም አልተቆጣችም፤ ዝም አለች። ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ያወጣችልኝ ስም አለ፤ «ትርፍ» ትለኛለች። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ራዲዮኗን ፈትቼ ስገጥም አንዲት ብሎን ተረፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፍ ነኝ። ስሙን የሚሰማ ሰው የንግድ ትርፍ እየመሰለው ይመርቀኛል። እኔ ግን ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ መፍታት እንጂ መግጠም የማይሆንለት ማለት ነው። ሞተሩን ስሠራ በልቤ የያዝሁት ይህንኑ ነበር። አንዲት ነገር ሳትተርፍ ገጥሜ፣ በሯ ላይ አቁሜ፣ ቁልፉን በእጇ ላስቀምጥ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ተነሣሁ።

ሐሙስ

ከወረታ የወጣሁት ገና ሳይሞቅ ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ጎበጥ ያለ ነገር በሌለበት አገር ያደገ ሰው ዳገት ሲያይ ሞተሩ የሚደክም እየመሰለው ይሳቀቃል። ባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሬ ሻይ ጠጣሁ። መራዊን አልፌ ወደ ዱርቤቴ ስጠጋ ከኋላዬ አንድ ሞተረኛ ጡሩምባውን እየነፋ ተከተለኝ። ልቅደም የሚል መስሎኝ ጥጌን ያዝሁ። ደርሶብኝ ጋቢዬን በደረቴ ላይ ወረወረልኝ። ሳላውቀው ከጭነቱ ወድቆ ኖሯል። ለካ መራዊ አጠገብ አንሥቶት ያን ሁሉ መንገድ ተከትሎኛል። «ገመድህን አጥብቅ!» ብሎ ዞሮ ወደ መጣበት ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ዳንግላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ ከሞተሩ አናት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ገባኝ። ሞተር ትንፋሽ የሚያስገባባቸውና የሚያስወጣባቸው ቫልቭ የሚባሉ በሮች አሉት። አዲስ የተገጠመ ሞተር ጥቂት ሲሄድ የበሮቹ ክፍተት ይሰፋል። አደጋ የለውም፤ ግን መስተካከል አለበት። የሚስተካከለውም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ዳንግላ ለማደር ወሰንሁ።

ያየሁት ማደሪያ ሁሉ ሞተሩን ውጭ አሳድር አለኝ። ሞተሩን ውጭ አሳድሬ እንደማልተኛ ስለማውቅ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስተክዝ ባለቤቲቱ፣ እቴ ጥሩነሽ፣ «ምነው አንተ ልጅ፣ ሻዩ መረረህ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ግቢ አለኝ። እሱንም ይዘህ ግባ፤ ሞተርህ አይጮህ፣ አይዋከብ፤ ካንተ የተሻለ እንግዳ ነው» ብለው ሳቁ።

እራት ላይ የቀረበልኝ እንጀራ ዳጉሳ የተቀላቀለበት ነው፤ ቀላ ያለ፣ ጠንከር ያለ። የእኛ ሩዝ ስለሚገባበት ነጭ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃል። የሳቸው ሲያድር ይበልጥ ይጣፍጣል አሉኝ፤ በማግስቱ ቀመስሁት፣ እውነታቸውን ነው። ከበግ ወጡ ውስጥ ትልቁን አጥንት እየገፉ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ ብላ! ነገ ዓርብ ነው፣ አታገኘውም» አሉኝ።

ዓርብ

ጠዋት ግቢው ውስጥ ነጭ ጨርቅ አነጠፍሁ። ስፈታ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። የፈታሁትን ከግራ ወደ ቀኝ በየተራው እደረድራለሁ፤ ስገጥም ከቀኝ ወደ ግራ እመለሳለሁ። ይህን ልማድ ያስያዘችኝ የራዲዮኗ ብሎን ናት።

የሞተሩ የላይኛው ክዳን በአራት ብሎን ይታሰራል። በየብሎኑ ሥር ሮንዴላ የምንላት፣ ከሳንቲም የምታንስ፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ የመዳብ ቀለበት አለች። ሥራዋ ዘይቱ እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ክዳኑን አነሣሁ፤ ክፍተቱን ለካሁ፤ አስተካከልሁ። መስተካከሉን ለማረጋገጥ ሞተሩን በመርገጫው አንድ ጊዜ በእጄ ቀስ ብዬ አዞርሁት። በዚህ መሐል አንድ ቦታ ላይ ቅንጣት ታህል ያዝ አደረገኝና ለቀቀኝ። ምስር ሲበላ ጠጠር እንዳገኘ ጥርስ።

ቆምሁ። ጨርቁን አየሁ። አራት ብሎን፣ ሦስት ሮንዴላ።

ብሎኖቹን አነሣሁ፣ ጨርቁን አራገፍሁ፣ ሣሩን በእጄ ዳበስሁ። እቴ ጥሩነሽ ከሻይ ቤቱ ብቅ አሉ።

«ምን ጠፋህ?»

«ሮንዴላ። እንዲህ ያለች፣ ቀይ።»

«ታብለጨልጫለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ያች ዶሮ ናት!» ብለው በጣታቸው ጠቆሙ። እውነትም አንዲት ገብስማ ዶሮ ቅድም ጨርቄን ረግጣ ስታልፍ እሽ ብያታለሁ። «ባለፈው የጆሮ ጌጤን ውጣብኝ ሦስት ቀን ጠብቄ ነው ያገኘሁት።»

«የት አገኙት?»

«የት ይመስልሃል!»

ሻይ ሊጠጣ የመጣ አንድ ባለባጃጅ ጩኸታችንን ሰምቶ ወደ ግቢው ገባ። እቴ ጥሩነሽ ዶሮዋን እያዩ ከራሳቸው ጋር መምከር ጀመሩ። «የምትጥል ዶሮ ናት… ግን የእንግዳ ዕቃ ነው። ትታረድ ካልህ ትታረድ። ችግሩ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሥጋዋ ለማን ይሆናል?»

«ለነገ ያሳድሩልኝ፤ እኔ አለሁ» አለ ባለባጃጁ።

«አንተን ማን ጠራህ?»

እኔ ግን እጄን ያዝ ያደረገውን ነገር እያሰብሁ ነበር። ዶሮዋ ንጹሕ ናት አልኋቸው። በክዳኑ ጎን በኩል ሰንሰለት ቁልቁል የሚወርድበት ጠባብ ጉድጓድ አለ። ሮንዴላዋ ክዳኑ ላይ በዘይት ተለጥፋ ኖራ፣ ሳነሣው ወደዚያ ወድቃለች። እኔ አላየኋትም። ሞተሩን ሳዞር ግን ታች ጥርስ ያለው ነገር አግኝቷታል።

ባለባጃጁ ጎንበስ ብሎ አየና ቀጥ አለ። «ወንድሜ፣ አትጨነቅ። ዝጋውና አስነሣው። ዘይት ውስጥ ሰምጣ ትቀመጣለች። የእኔ ባጃጅ ሆድ ውስጥ ስንት ነገር ቀርቷል መሰለህ፤ ይኸው ይሄዳል።»

«ካልሰመጠችስ?»

«ካልሰመጠችማ ሰንሰለቱ ሥር ትገባለች፤ ሞተሩ ቀጥ ይላል።» ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቆየ። «ለማን ነው ሞተሩ?»

«ለእኅቴ። አዘና። ቁልቁለት ይበዛል ይላሉ።»

ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው። «ተወው እንግዲያ፣ አታስነሣው» አለኝ። ድምፁ ተለውጧል።

እቴ ጥሩነሽ ስልካቸውን አውጥተው በአገውኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ የገባኝ «ሞተር» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ዘግተው፣ «እንጅባራ ወንድም አለኝ፤ ታደለ ይባላል። የቀርቀሃ ቀፎ ይሠራል። ዕድሜውን ሙሉ ከጠባብ ጉድጓድ ነገር ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። እሱ ዘንድ ሂድ» አሉኝ። ለአልጋው ምን ልስጥ ብላቸው ተቆጡ። «ዶሮዬን ነጻ አውጥተሃታል፤ ይበቃል።»

ባለባጃጁ ከሰል ለመጫን ወደ እንጅባራ ባዶውን የሚሄድ መኪና ፈለገልኝ። ሞተሩን አብረን ጫንን። እኔም ከኋላ ቆሜ እንዳይወድቅ አቅፌው ሄድሁ። ከዳንግላ ወዲያ አየሩም መሬቱም ይለወጣል። እኛ ዘንድ ገበሬው ሩዝ ዘርቶ ሩዝ ያጭዳል፤ እዚህ ግራር ተክሎ ከሰል ያጭዳል። የማሳው ግማሽ ጫካ ነው፣ በየጥጉ የከሰል ክምር ቀስ ብሎ ይጨሳል። ከብርዱ የተነሣ መሪውን የያዙት ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ።

አያ ታደለ መኪና መቆሚያው ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቻቸው በቀርቀሃ ስንጥር የተቧጨሩ ሰው ናቸው። ከሰላምታ በፊት ከትከሻቸው ባና አውርደው አለበሱኝ። የበግ ጠጉር ባና ነው፤ ወረታ ቢለበስ ሰው ያፍናል። ሞተሩን ተጋግዘን እየገፋን ቤታቸው ወሰድነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘይቱን አፍስሼ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልሁት። ሮንዴላዋ የለችም። በስልኬ መብራት ጉድጓዱን ሳይ፣ ከታች፣ ከሰንሰለቱ ጎን፣ አንዲት ጠባብ ደረጃ ላይ ጋደም ብላ አየኋት። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁት ማግኔት ነበረኝ። በክር አወረድሁት፤ ሄዶ ብረቱን ሁሉ ሳመ፣ እሷን ግን ዘለላት። መዳብ መሆኗን ረስቼ አልነበረም። ተስፋ ሲቆረጥ እንደማይሆን የሚያውቁትንም መሞከር አለ።

«በሽቦ ላንሣት?» አሉኝ አያ ታደለ።

«ሽቦ ከገፋት ወደ ታች ትገባለች። ያኔ ሞተሩን ለሁለት መክፈል ነው። የምከፍትበት መሣሪያ የለኝም፤ ሰኞ ለሚጀመረው ክትባትም አይደርስም።»

ጉድጓዱን በጨርቅ ሸፈኑት። «እንግዲያ አትንካት፤ እንደ ተኛች ትደር» አሉ።

ቅዳሜ

ጠዋት ድንች ቅቅል በአዋዜ በላን። የእንጅባራ ድንች ልጣጩ በራሱ ይለቃል። ከበላን በኋላ አያ ታደለ ቀርቀሃ ወደ ተቆለለበት ጥግ አላመሩም፤ ቁጭ አሉ። ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ እሳቸው በቅዳሜ ቀርቀሃ አይሰነጥቁም። እኔም ለመጠየቅ አፈርሁ። እሑድ ደግሞ የባሰ ነው። ሰኞ ክትባቱ ይጀመራል። ብሎኖቼን ስወለውል እሳቸው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ያች ሮንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ናት አይደል?»

«አዎ፣ አያ ታደለ።»

«በሰንበት በግ ጉድጓድ ቢገባ ማውጣት ተፈቅዷል። ወንጌል ነው።» ተነሡ። «ያችም ያንተ በግ ናት። ቀርቀሃ አልሰነጥቅም፤ የተሰነጠቀ ግን አለ።»

የቀፎ ማሰሪያ ከሚሆኑት ስንጥሮች መሐል እንደ ሣር የቀጠነች፣ ስትታጠፍ የማትሰበር አንዲት መረጡ። ከጓዳ የሰም ቁራጭ አመጡ። የማር እንጀራ ከቀፎ ግድግዳ ላይ ሲለቅ እንዴት መልሰው እንደሚለጥፉት እያወሩኝ ሰሙን በትንፋሻቸው እያሞቁ በስንጥሯ ጫፍ ላይ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል እንክብል ሠሩ። እኔ መብራቱን ያዝሁ፤ እሳቸው አወረዱ። ነካት። ተጫኑ። ሳቡ። ሰሙ ባዶውን ወጣ።

ደግመው ሞከሩ። ባዶ።

ሰሙን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ያብረቀርቃል። «ዘይት ነው» አልሁ። «ሮንዴላዋ ዘይት ለብሳለች፤ ሰም ዘይት ላይ አይይዝም።» ሌላ ስንጥር ጫፍ ላይ ጥጥ አሰርሁ፣ በቤንዚን ነካ አደረግሁ፣ አወረድሁ። ገፋ እንዳላደርጋት ትንፋሼን ይዤ ፊቷን ጠረግሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ጥጥ ቀየርሁ። አሥራ ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

አያ ታደለ ሰሙን እንደገና አሞቁና አወረዱት። ከተጫኑ በኋላ ግን አልሳቡም። ስንጥሯን እንደ ያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምን እንጠብቃለን?»

«ብርዱን። ሰም ሲሞቅ ይለጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚይዝ።»

ጠበቅን። ከተራራው የሚወርደው ጉም ግቢው ውስጥ ገብቶ ነበር። ትናንት የሰደብሁት ብርድ ነው። ወረታ ቢሆን ያ ሰም እስከ ማታም አይጠነክርም፤ እዚህ ግን ብርዱ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ይሠራልናል። የአያ ታደለ እጅ አይነቃነቅም። እኔ ግን ልይ እያልሁ መብራቱን ወዲያና ወዲህ አደርጋለሁ። «መብራትህን አስክን፤ በጓ ትደነብራለች» አሉኝ።

ቀስ ብለው ሳቡ። ሮንዴላዋ ቀና አለች፤ ሰንሰለቱን ታክካ አለፈች፤ አፉ ጋ ስትደርስ በሁለት ጣቴ ያዝኋት።

የአያ ታደለ ፊት በሳቅ ተሞላ። ልጅ ሆነው ዳዊት የደገሙ፣ ቅኔ ቤት ግን ደጁን ብቻ ያዩ ሰው ናቸው። «ባለቅኔዎቹ ሰሙን ገፈው ወርቁን ያወጣሉ። እኛ ቀፎ ሠሪዎቹ ደግሞ ወርቁን በሰሙ አወጣነው!» አሉ።

ሮንዴላዋን ወደ ብርሃን አወጣኋት። አንድ ጠርዟ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ ተነክሳለች። አንድ ጊዜ በእጅ ቀስ ብሎ በመዞር እንዲህ ከሆነች፣ በሞላ ፍጥነት ምን ልትሆን እንደነበር አሰብሁ። ከእንግዲህ ዘይት አትይዝም። በምትኳ ከአንድ መለዋወጫ ሻጭ አሮጌ ሮንዴላ አገኘሁ። የደነደነ መዳብ እንዲለሰልስ በአያ ታደለ ምድጃ ከሰል ላይ እስክትቀላ አግዬ ውኃ ውስጥ ጣልኋት። ከዚያ ጉድጓዱን ደግሜ ጠረግሁ፣ የቀረ ሰም አለመኖሩን አየሁ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ገጠምሁ። አራት ብሎን፣ አራት ሮንዴላ። ረገጥሁት። ተነሣ። የቲክ ቲክ ድምፁ የለም።

አያ ታደለ አጠገቤ ቆመው ሰሙት። «እኅትህ ይህን ሁሉ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ወጥታለች እኮ። ብትነግራት በየቁልቁለቱ ይህን እያሰበች ነው የምትሄድ። አንተ ታውቃለህ ግን።»

የተነከሰችውን ሮንዴላ በኪሴ ከተትኋት።

እሑድ

አያ ታደለ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠበቅሁ። ባናውን ልመልስ ብል «አዘና ደርሰህ ላክልኝ» አሉኝ። ላከው ማለታቸው እንዳልሆነ፣ ሰጥተውኝ እንደነበር የገባኝ ሩቅ ከሄድሁ በኋላ ነው።

ከእንጅባራ ወጥቼ ጠጠሩ መንገድ ላይ ስገባ በፈረስ የሚሄዱ ሰዎች ይበዙ ጀመር። እኛ ዘንድ ሩቅ መንገድ በባጃጅ ነው። እዚህ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌዎች በፈረስ ሆነው ያልፉኛል፤ ሞተሩን አይተው ፈረሱን ገታ ያደርጉልኛል፣ እኔም ፈረሱ እንዳይደነግጥ ጋዙን እቀንሳለሁ። እንዲህ እየተከባበርን ቁልቁለቱን ወረድን። በየቁልቁለቱ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጥዬ ነበር። ምንም አልሰማሁም።

እታለም በሯ ላይ ቆማ ነበር። እያነከሰች ወደ እኔ መጣች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ሞተሩን ዞረችው። ጎማውን በእጇ ተጫነች፣ ፍሬኑን ያዘች፣ ክዳኑን በጣቷ ነካች። በሬ ስትመረምር የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

«ከውዳቂ ነው?»

«ከሰባት ሞተር ነው።»

«ትርፍ» አለች። ሳቋ ዓይኗ ጥግ ላይ ነበር። «ስንት ተረፈ?»

ለዚህች ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ምንም። ኪሴ ውስጥ ያለችው ነገር ግን ጣቶቼን ነካችኝ። አያ ታደለ ያሉትን አሰብሁ። በሌላ በኩል ሞተሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። የምትቀመጥበትን ነገር ማወቅ አለባት። አውጥቼ በመዳፏ ላይ አስቀመጥሁላት።

«አንድ» አልኋት። ከዶሮዋ እስከ ሰሙ ሁሉንም ነገርኋት። አልሳቀችም። የጥርሱን ምልክት በአውራ ጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

«ውስጡ ብትቀር?»

«ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቀጥ ሊል ይችል ነበር። የኋላው ጎማም አብሮ።»

ዝም አለች። ትምህርት የተውሁ ጊዜ ያለችው ዝምታ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ራዲዮኑ ብሎን እንደ ተረፈው ማን ነገረኝ?» አለች በኋላ።

«እኔ።»

«ጠይቄህ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ራዲዮኑ ይናገር ነበር፤ ምንም አልጎደለውም። ወርውረህ ብትጥላት የሚያውቅብህ አልነበረም። አንተ ግን በመዳፍህ ይዘህ፣ እያለቀስህ፣ ‹እታለም፣ አንዲት ተርፋኛለች› ብለህ መጣህ። ልክ እንደዚህ።» መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋች። «ስሙን ለመሳቂያ ያወጣሁት መስሎህ ኖሯል?»

ያን ያህል ዓመት የመሰለኝ እሱ ነበር። እሷ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤት ገብታ ክር ፈለገች።

ሰኞ

የክትባት ሣጥኑን ከኋላ መቀመጫው ላይ በገመድ አሰርሁላት። የዱርቤቴውን ሞተረኛ አስታውሼ ሁለት ጊዜ አጠበቅሁት። ቁልፉን አዞረች፣ አስነሣች። ልክ ሲነሣ ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ቀጭን የብረት ድምፅ ሰማሁ። «አጥፊው!» ብዬ ጮህሁ።

አጠፋችው። እኔ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ስል እሷ ቁልፉን ያዝ አድርጋ ሳቀች። የተነከሰችውን ሮንዴላ ቁልፉ ላይ በክር አስራታለች፤ ቅጭል የምትለው እሷ ናት።

«ደግ ነው፤ ውጭ ሆና ትጩህ» አለችና እንደገና አስነሣች።

እስከ ጉብታው ድረስ ከኋላዋ በእግሬ ሄድሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ወርዳ ከዓይኔ ተሰወረች። ድምፁን ብቻ እሰማለሁ፤ ወፍራም፣ እኩል፣ አንዲትም ሳይዘል። ከታች ካለው ወንዝ ማዶ ሲወጣ ማርሽ ስትቀይር ሰማሁ። ከዚያ ጠፋ።

ወረታ ሥራ ስላለኝ በዚያው ቀን መመለስ ነበረብኝ። ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ሞልቶ ነበር። አልቸኮልሁም፤ ስልኬን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ስልኬ ጠራ።

ከኋላዋ የሰውና የላም ድምፅ ይሰማል። «ትርፍ፣ ደርሻለሁ» አለችኝ። «ጉልበቴ አላመመኝም። ከብቱን ገና እያስገቡ ነው፤ ከሁሉም ቀድሜ…» መስመሩ ተቋረጠ።

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወንበር የሌለው፣ ከልክ በላይ የሚጫን ሰው መሆኔን በዓይኑ ለካኝ።

«ወንድም፣ ትርፍ ነህ?»

«አዎ፣ ነኝ» ብዬው ገባሁ።